የተቀደደው ወደ ታች

ከባሕሩ ጋር መክሮ፣ ዝናብ በአግድም መጣ፣
የዱዋርኔኔን መስኮት በጥፊ ሊቀጣ።
አዜኖር ወንበር ላይ፣ ቀኝ እጇ በጀሶ፣
ነጭ ሆኖ፣ ወፍሮ፣ ደረቷን ተንተርሶ፤
ከደረጃው ወድቃ ሳምንት አለፈባት፤
እጇ ነው የታሰረው፣ ምላሷን ማን ነካባት?

ጉልቨን ምድጃው ፊት እንደ ተከሳሽ ቆሟል፤
አርባ ዓመት የጀልባ ሞተር ፈትቶ ገጥሟል፤
የታመመ ፒስተን በሳሉ ይለያል፤
ዕንቁላል ሲያነሣ ግን እጁን እጁን ያያል።

«ያንን አይደለም! ጥቁሩን፣ ከባዱን አውርደው፤
እናቴ ከሎክሮናን በብስክሌት ያመጣችውን ነው።»
አወረደው።
«ሦስት» አለች።
«ሦስት ምን?» «ዕንቁላል ነዋ! ስበር፤
በመዶሻ አይደለም፤ በሳህኑ ከንፈር።»

አንደኛው ወረደ፤ ሁለተኛው ደኅና፤
ሦስተኛው ተንኮለኛ፣ ቅርፊት ይዞ ገባና
ጉልቨን በጣቱ ያሳድድ ጀመረ፤
ስባሪው ሸሸበት፣ ሄደ፣ ተሰወረ።
«ጣትህን ተውና በግማሹ ቅርፊት ዝገነው፤
ለጣት አይታዘዝም፤ የሚሰማው ወገኑን ነው።»
ዘገነ፤ አንዱ ወጣ። «አለቀ?» «አለቀ።»
(ሁለት እንደነበሩ እሱም አላወቀ።)

«ጨውስ?» «ጨው አያሻውም፤ ቅቤው ጨዋማ ነው፤
ይልቅ በሹካ ምታው፤ ግን ጠላት አታድርገው፤
ነጩና ቢጫው ይታረቁ፤ አረፋ ምን ያደርገው?»

ከትናንት የተረፈ ባሮ ሽንኩርት አለ፣
በቅቤ የለሰለሰ፣ ፍሪጅ ውስጥ የዋለ፤
እንጉዳይም አለ፣ ኖልዌን ያመጣችው፣
«ለአዜኖር እጅ» ብላ በራፍ ላይ የተወችው፤
አይብም ነበረ፣ ጠርዙ የደረቀ፣
ማንም ሳይጠይቀው ጥግ የተደበቀ።
ይኸው ነው እንግዲህ፤ ሌላ ምሥጢር የለም፤
ቤት ያፈራውን መጠቅለል ነው፤ ድግስ አይደለም።

«ቅቤው ይጩህ» አለች፣ «ከዚያ ዝም ይበል፤
ዝም ሲል ጨምረው፤ ሳይጠቁር፣ ቶሎ በል።»
አርባ አራት ዓመት ሙሉ ካንድ ጣሪያ ሥር ኖሮ፣
ቅቤ ቋንቋ እንዳለው ገና ሰማ ዘንድሮ።
ጆሮውን ሰጠ፤ ይኼስ የለመደው ሥራ ነው፤
ተንጫጫ፣ ተንጫጫ፣ ሰከነ። «አሁን!» ያለው እሱ ነው።
አዜኖር ቀና አለች።
ምንም አልተናገረች።

አፈሰሰ። ጠርዙ ወዲያው ተኮማተረ፤
በሹካ ወደ መሃል እየጎተተ አዞረ፤
መጥበሻውን ሲያጋድል፣ እርጥቡ ሮጠ ወደ ባዶው፤
ማዕበል የለመደ እጁ ሳያስበው ወሰደው።

«ውስጡን በግማሹ ላይ፤ ጥቂት! ኧረ ምነው!
እንዲህ የሚጠቀጠቅ፣ ጉልቨን፣ ሻንጣ ነው?»
አልሰማም። ቸርነት ይሁን ወይ ፍርሃት፣
ከኖልዌን እንጉዳይ አንድ እንኳ አላስቀራት።
ሊያጥፈው አነሣው፤ ጎኑ ተሸነተረ፤
አይቡ በስንጥቁ ብቅ ብሎ ቀረ።

ዝም አለ ጉልቨን። እሳቱን አጠፋ።
(ሰው በስድሳ ሰባት ዓመቱ በዕንቁላል ይከፋ?)
ተከፋ።

ወንበሩ ሲንቋቋ ሰማ፤ ተነሥታ ደርሳለች፣
በግራ እጇ ትከሻውን ገፋ አድርጋ ቆማለች።
«ሳህን አምጣ። ድፋው። የተቀደደው ወደ ታች።»

ደፋው። ይኸው ደኅና፤ ወርቅማ፣ ልስልስ ጀርባ፣
ውኃው ሲሸሽ አሸዋ ላይ እንደተደፋ ጀልባ።
«ያንቺ እኮ» አለ፣ «ተቀዶ አላውቅም አይቼ።»
«ገልብጠህ አይተሃል?»
«በላሁ እንጂ፣ መቼ!»

ሳቀች፤ ጀሶው ደረቷ ላይ እስኪነቃነቅ ድረስ።
ዝናቡም አላባራ፤ እሱም ዳቦ ሲቆርስ፣
ሹካው በግራ እጇ መንገዱ ሲጠፋበት
አየና፣ ምንም ሳይል፣ ሳህኗን ሳበላት፤
ከትንሽ ትንሽ አድርጎ ቆራርጦ መለሰላት።

ጎረሰች። ከጥርሷ ሥር አንድ ነገር ቀጭ አለ።
«እንዴት ነው?» አላት፤ አፍ አፏን እያየ፣ አንገቱን እንዳሰገገ።
ቀጭ ያለውን ዋጠች፤
«ጨው አንሶታል» አለችና ትልቁን ቁራጭ መረጠች።